ብቻዋን የምትኖር ዶሮ ስትታመም

(ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ግቢያቸው ዶሮ ለያዙ የከተማ ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ዶሮ ይወራል ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሽንኩርቱን ነው። እኛ አገር ዶሮ 12 ብልት ናት። ከዚያ በፊት የነበራት ኑሮ ብዙም አያሳስበንም። ዛሬ ግን ወጥ የለም። የማወራው ጓደኛ ስለሌላት ዶሮ ነው።

እንዲህ ያለች ዶሮ በየሰፈራችን አለች። ለበዓል ተገዝታ ልጆች ስላለቀሱላት የተረፈች አለች። ጓደኞቿን ፈንግል ጨርሶባት ብቻዋን የቀረች አለች። ልጆቻቸው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የገቡባቸው እናት «ኮሽ የሚል ነገር ይኑር» ብለው የያዟትም አለች። ስም ያወጡላታል። ስም የወጣላት ዶሮ ደግሞ አትታረድም። ካልታረደች ታረጃለች፣ ትታመማለች። ባለቤቶቿ ግራ የሚገባቸው ያኔ ነው። ዶሮ ስትታመም የሚደረገው ከጥንት የታወቀ ነው፤ ሳትሞት ቢላዋ ይፈለጋል። ቢላዋውን የማትፈልጉ ከሆነ ግን ምን ታደርጋላችሁ?

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልናገር። ብቻዋን የምትኖር ዶሮ መታመሟን በጊዜ የሚያውቀው፣ ደህና ሳለች በደንብ ያያት ሰው ነው። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዶሮ የመንጋ ፍጥረት ናት። ቶርላይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮ ሲከታተል ኖሮ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ያየውን ጻፈ። ዶሮዎች በመካከላቸው ደረጃ አላቸው። ማን ማንን እንደሚነቁር፣ ማን ቀድሞ እንደሚበላ የታወቀ ነው። የደከመች ዶሮ ከደረጃዋ ትወርዳለች፣ ትነቆራለች። ጭልፊትም ሆነ ድመት የሚያነጣጥረው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ቆማ ትውላለች፣ ጥሬ ስትበትኑላት ጎንበስ ብላ የምትለቅም ትመስላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም አትውጥም። የሚነቁራት ጓደኛ ባይኖርም ይህ ጠባይ አይለቃትም።

አሥር ዶሮ ያለው ሰው ዘጠኙ ሲሮጡ አንዷ ስትቀር ወዲያው ያያል። አንድ ያለው ከማን ጋር ያወዳድራታል? ከትናንቷ ጋር ብቻ ነው። ለዚህ ነው የደህናዋን ቀን እወቁ የምላችሁ።

ምኗን ነው የምናውቀው? ድምፅዋን። ጠዋት በር ሲከፈት ምን ትላለች? እንቁላል ጥላ ስታስካካ ለምን ያህል ጊዜ ነው? ዝም ያለች ዶሮ ታሳስበኛለች። ራሷ ላይ ያለውን ኩክኒ እዩ። ቀይነቱ ምን ያህል ነው? የገረጣ ኩክኒ ደም ማነስን፣ ተባይን ወይም ትልን ይጠቁማል። ወይን ጠጅ የመሰለ ኩክኒ አየር ወይም ደም በአግባቡ እንዳልተዘዋወረ ያሳያል፤ አጣዳፊ ነው።

ከዚያ በእጃችሁ ዳስሷት። አንገቷ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ የበላችው እህል መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ከረጢት አለ። ማታ ስትተኛ ሙሉ መሆን አለበት። ጠዋት ከመብላቷ በፊት ባዶ መሆን አለበት። ይህን በሳምንት አንድ ሁለቴ የዳሰሰ ሰው ብዙ ነገር ቀድሞ ያውቃል። ደረቷ መካከል ያለውን አጥንትም ዳስሱ። ግራና ቀኙ ሥጋ ይዞ ከሆነ ጥሩ ነው። አጥንቱ ሹል ሆኖ እጃችሁን ከወጋ፣ ላባዋ አታሏችሁ እንጂ ከስታለች። ላባ ክፉ ነገር ነው፤ ግማሽ ሥጋዋን የጣለች ዶሮ ወፍራም አስመስሎ ያሳያል። ሚዛን ያለው ሰው በየሳምንቱ ቢመዝናት ደግሞ እሰየው።

ኩሷንም ማየት ነው። ምግብ ላይ ያላችሁ ይቅርታ። ጤነኛ ኩስ ጠንከር ያለ ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለው። ነጩ ሽንቷ ነው። በመካከሉ አልፎ አልፎ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ የሚሸት ኩስ ትጥላለች፤ እሱም ደህና ነው፣ አትደንግጡ። አረንጓዴ ቅጥነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳትበላ ቆይታለች ማለት ነው፣ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ። ደም ካያችሁበት በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

ሁለት ነገሮች በሽታ ይመስላሉ፣ በሽታ ግን አይደሉም። አንደኛው ላባ መጣል ነው። ዶሮ በዓመት አንዴ ያህል ላባዋን ትቀይራለች። ያኔ እንቁላል ታቆማለች፣ መልኳ ያስጠላል፣ መነካትም አትወድም። ገንቢ ምግብ ጨምሩላት፣ ተዋት። ሁለተኛው መታቀፍ ነው። እንቁላል ቢኖርም ባይኖርም ጎጆዋ ላይ ተዘርግታ ትውላለች፣ ስትነኳት ላባዋን ነፍታ ቁር ቁር ትላለች፣ በቀን አንዴ ወጥታ ትልቅ የሚሸት ኩስ ትጥላለች። በየገጠሩ ይህን ለማስተው ዶሮዋን ቁልቁል ይሰቅሏታል። እባካችሁ አታድርጉት። ዶሮ እንደ እኛ ደረትና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰች ነው። ስትሰቅሏት የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋ ላይ ይጫናል። ከገበያ እግሯን አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ መምጣትም ያው ነው። ልጆች ሲያቅፏትም ደረቷን ጭምቅ እንዳያደርጉ ንገሯቸው።

አሁን ታማለች እንበል። ኩርምት ብላለች፣ ዓይኗን ትከድናለች፣ ጅራቷ ወርዷል። ሐኪሙ እስኪገኝ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሙቀት። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያንን ለመጠበቅ ምግብ ታቃጥላለች። የታመመች ዶሮ ደግሞ አትበላም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ የሐምሌን ሌሊት እናንተው ታውቁታላችሁ። እንጅባራም ከዚህ አይሻልም። መንጋ ውስጥ ያለች ዶሮ ቆጥ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተጠጋግታ ታድራለች። የእናንተዋ የምትጠጋው የላትም። ስለዚህ ካርቶን ፈልጉ፣ ታቹ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉ። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። ስትሞቅ መራቅ እንድትችል ካርቶኑ ሰፋ ይበል። አፏን ከፍታ ካለከለከች በዝቷል፣ አንሱት።

ከሰል ግን አታቅርቡላት። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ደግነት ያለው ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። «በረዳት» ይልና ምድጃውን አጠገቧ ያስቀምጣል። የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ አየርን አሟጥጦ የሚጠቀም ነው፤ የከሰሉን መርዛማ አየርም እንዲሁ ይወስዳል። ድሮ የአውሮፓ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ወፍ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነበር። ወፏ ቀድማ ስትወድቅ እነሱ ሮጠው ይወጣሉ። ቡና ሲፈላ፣ ዕጣን ሲጨስ የታመመችዋ ዶሮ ሌላ ክፍል ትሁን። የማያጣብቅ መጥበሻም ባዶውን ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍ ይገድላል።

ቀጥሎ ውሃ። ከምግብ በፊት ውሃ። ለብ ያለ ይሁን፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ስኳር ጠብ ቢደረግበት ጥሩ ነው። ምንቃሯን ጫፉን ብቻ አስነክሯት፣ ራሷ ትጠጣ። እምቢ ካለች በጣታችሁ ጠብታ ከምንቃሯ ጎን አድርጉላት። ምንቃሯን ፈልቅቃችሁ አታንቆርቁሩ። የአየር ቧንቧዋ አፍ ምላሷ ሥር ነው፣ ክፍት ነው። ያፈሰሳችሁት ውሃ በቀጥታ ሳንባዋ ይገባል። አረቄ፣ የፌጦ ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ እየተባለ የሚጋቱ ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታው ሳይሆን በመጋቱ ታንቀው ነው የሚሞቱት ብዬ አምናለሁ። ነጭ ሽንኩርት ከመኖዋ ጋር በትንሹ ቢቀላቀል አልጣላም። አረቄውን ግን ለሰው ተዉለት።

ምግብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፍርፍር አድርጋችሁ ስጧት። ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ ዶሮ እንቁላል ትበላለች ወይ ይላል። ትበላለች፣ ይስማማታል። በጾም ደግሞ እንቁላሉ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ለስላሳ ሩዝ፣ በውሃ የራሰ መኖም ይሆናል። ጨው ያለበት ወጥ፣ ያልበሰለ ባቄላና ቦሎቄ፣ ቸኮሌት አይሆንም። አቮካዶም እንዲሁ። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው፤ ልቧን ይጎዳል። ከቡሬ እስከ ሜጫ አቮካዶ በየጓሮው በተተከለበት አገር ልጣጩን ለዶሮ መጣል የተለመደ ሆኗል።

ወደ በሽታዎቹ ልምጣ። ሁሉንም አልቆጥርም፤ ብቻዋን በምትኖር የከተማ ዶሮ ላይ ጎልተው የሚታዩትን ብቻ።

እንቁላል አልወጣ ማለት አንዱ ነው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ተመራማሪዎች የደብረ ኤልያስ፣ የሜጫ፣ የጓንጓ፣ የጥሊሊ ዶሮ ብለው ለይተው ያጠኗቸው የጎጃም ዶሮዎች ዝናቸው እንቁላል በማብዛት አይደለም፣ ችግር በመቻል ነው። የፈረንጇ እንቁላል ጣይ ግን ወደ 300 ትጥላለች። እያንዳንዱ ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይፈልጋል፤ ቅርፊቱን ለመሥራት ብቻ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። ካልሲየሙ ካነሰ እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻ ይዝላል። ያኔ ዶሮዋ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች ትመታለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ታምጣለች፣ ጎጆዋ ጋ ትመላለሳለች፣ ምንም አይወጣም።

ምን ይደረግ? ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፣ ሆዷ እስኪርስ ድረስ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ አስቀምጧት። መጀመሪያ ትታገላለች፣ ከዚያ ይመቻትና ዓይኗን ትጨፍናለች። አድርቁ፤ በደንብ ማድረቅ ግድ ነው። መውጫዋን ዘይት ቀቡ። ጨለም ያለ ሙቅ ቦታ አኑሯትና ተዋት። ሆዷን አትጭመቁ። እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ የቅርፊቱ ስለትም ኢንፌክሽኑም ይገድላታል። ሳትጥል ካደረች ሐኪም ጋ ውሰዷት። ለወደፊቱ የእንቁላል ቅርፊት ደርቆ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በተለየ ዕቃ ይቀመጥላት። ሲያስፈልጋት ራሷ ትወስዳለች።

ሁለተኛው ያ አንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት መዘጋት ነው። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል። የከተማ ዶሮ ጭራ የምታወጣው ሌላ ነው፤ የጆንያ ክር፣ የፌስታል ቁራጭ፣ ረጅም የደረቀ ሣር። ጠዋት ሳትበላ ከረጢቱ ሞልቶ ጠጥሮ ካገኛችሁት ምግብ አቁሙ፣ ውሃ ስጡ፣ ጥቂት ዘይት ምንቃሯ ላይ ጠብ አድርጉ፣ በቀስታ እሹት። ውሃ የሞላው ፊኛ ሆኖ አፏ ከኮመጠጠ ግን በእርሾ መሰል ፈንገስ ተበክሏል፣ የሐኪም መድኃኒት ይፈልጋል። ገልብጣችሁ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ደም የቀላቀለ ቅጥነት ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ በሽታ ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ይወዳል። በውሃ የሚሰጥ አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት አለው፣ መጠኑን ባለሙያ ይንገራችሁ።

ቅንቅንና ቅማልን ሰው ይንቃል። ቀን ቀን የቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ደሟን የሚመጥ ቅንቅን አለ። ስለዚህ ዶሮዋን ቀን አይታችሁ «ንጹሕ ናት» አትበሉ። ማታ በባትሪ ቆጡን እዩ። ሊሾ ላይ የምትኖር ዶሮ የምትታጠብበት አፈር የላትም፤ በአሮጌ ሳፋ ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ አድርጉላት፣ ሥራውን ራሷ ትሠራዋለች። ላምባ አትቀቧት፣ የእርሻ ፀረ ተባይም አትርጩባት።

አሁን ፈንግል። ይህ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። አረንጓዴ ቅጥነት፣ ማጣጣር፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ ክንፍና እግር መስነፍ። ብቻዋን ያለች ዶሮ ከየት ያገኛታል ትሉኝ ይሆናል። ከበዓሉ። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ከገበያ የመጣው አውራ ዶሮ እሷ ከምትበላበት ግቢ ይታሰራል። ይታረዳል፣ ላባውና አንጀቱ ጓሮ ይጣላል፣ እሷ ትጭረዋለች። ገበያ ደርሶ የመጣ ጫማም ይበቃል። የበዓል ዶሮ ሌላ ቦታ ይታሰር፣ የእርዱ ተረፈ ነገር ይቀበር።

ክትባት አለው። ሙቀት የሚችለው ዓይነት፣ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች የሚሠራው፣ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ነው። በየ3ና 4 ወሩ ይደገማል። ችግሩ ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው፣ አንዴ ከተከፈተ አይቆይም። ለአንዲት ዶሮ ብሎ የሚከፍተው የለም። እናንተ ግን ዕድር ያላችሁ ሰዎች ናችሁ፤ ዕድሩ ለሞተ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ተነጋገሩና የሰፈሩን ዶሮ በአንድ ቀን አስከትቡ። ባለሙያውም በደስታ ይመጣል። ከክረምቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን ባክቴሪያ የሚገድል የሰው መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ እንክብሉን ከፍቶ ውሃ ላይ መበተን ልማድ ሆኗል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.2 ኪሎ የምትመዝን ዶሮን 50 ጊዜ ያጥፋል። ዱቄቱን በዓይናችሁ እንዴት ለ50 ትከፍሉታላችሁ? ፈንግል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም፣ ቫይረስ ነውና። በየወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ። «ለዶሮ ብዬ እንዴት እሄዳለሁ» የሚል ኀፍረት አለ፤ ኀፍረቱን ቤት ተዉትና ዶሮዋን በካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። የኩሷን ናሙናም በፌስታል ያዙ።

ብቸኝነቱስ? የታመመች ዶሮ ብቻዋን ካርቶን ውስጥ ስትሆን ትጮሃለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች፣ ምግብም ትተዋለች። አጠገቧ ተቀመጡ። ሥራችሁን ይዛችሁ፣ ሽንኩርት እየላጣችሁም ቢሆን። (ሽንኩርቱ ለምን እንደሆነ አትንገሯት።) መሬቱን በጣታችሁ ጠቅ ጠቅ ብታደርጉላት መብላት ትጀምራለች፤ እናት ዶሮ ጫጩቶቿን የምታስተምረው እንዲሁ ነው። ትንሽ መስታወት አጠገቧ ማስቀመጥም የሚያረጋጋት ጊዜ አለ። መስታወቱን ከነቆረች አንሱት።

ጓደኛ ልግዛላት የሚል ሰው አለ። ግዙ፣ ግን አሁን አይደለም። የታመመች ዶሮ አዲስ መጪ ሲነቁራት ትሞታለች። ስትድን፣ አዲሷን ለብቻ ከ2 ሳምንት ያላነሰ፣ ብትችሉ አንድ ወር አቆዩ። ከዚያ በወንፊት ሽቦ ተያይተው ይክረሙ። ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ አጠገቧ አድርጓት። ጥቂት ቀን ይነቋቆራሉ፣ ደም ካልወጣ ጣልቃ አትግቡ። አውራ ዶሮ ለአንዲት ደካማ ዶሮ አይገዛም፤ ጀርባዋን ይጨርሰዋል። ቄብ ይሻላል።

ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን ልጨምር።

አንዲት እናት «እንደማትድን ካወቅሁ ብታረድ ኃጢአት ነው ወይ?» አሉ። እትዬ፣ ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የማውቀው፣ ማጣጣር ከጀመረች ፈጥኖ ማሳረፍ ከማሰቃየት ይሻላል። ግን አትበሏት። በተለይ መድኃኒት ወስዳ ከሆነ። ለውሻም አትስጡ። ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣት ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩ።

አንድ ተማሪ «ቤት ውስጥ አብራኝ ብትተኛስ?» አለ። አይሆንም ወንድሜ። ዶሮ ምንም ሳትታመም ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ስትነካት እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ፊትህን አታስጠጋ፣ ካርቶኗ ማድ ቤት አይግባ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ የበለጠ ተጠንቀቅ።

የመጨረሻው «ድናለች፣ እንቁላሏን መቼ ልብላ?» የሚል ነበር። በሙቀትና በአስኳል ብቻ ከዳነች ዛሬውኑ ይብሉ። መድኃኒት ወስዳ ከሆነ ግን እንደየመድኃኒቱ ይለያያል፤ መድኃኒቱን ሲቀበሉ ሐኪሙን ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ይጠይቁና ካርቶኑ ላይ ይጻፉት። እስከዚያ የጣለችው እንቁላል ይጣላል። ለእሷም ቢሆን ተቀቅሎ አይመለስላት።